ሐርቡ አካባቢ ቅንጬ የሚነቅሉት ልጆች፦ አሠርቼ አይቻቸዋለሁ

ቃሉ ወረዳ ውስጥ ማሳ ያላችሁ ስሙኝማ። ሐርቡ አካባቢ ቅንጬ አረም በጉልበት የሚነቅሉ ወጣቶች አሉ። የኛን የማሽላ ማሳ ሰጥቻቸው ነበር፣ ሥራቸውን ወድጄዋለሁ።

ዋናው ነገር ጊዜውን ያውቁታል። ቅንጬ ከበቀለ በወር፣ በወር ተኩል ነጭ አበባውን ብቅ ያደርጋል፤ አንዱ እግር ብቻ ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። እነሱ ሳያብብ ነው የሚደርሱበት። ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲለሰልስ ከነሥሩ መዘዝ ያደርጉታል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳያደርጉ አይነኩትም፣ ልክ ናቸው፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል።

«ለምን ብር አወጣለሁ፣ ፌንጣውና ትሉ ይበላው የለ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይበላውማ! ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፣ በደቃቅ ፀጉር የተሸፈነ ነው። ፓርቴኒን የሚባለው መራራ መርዝ እዚያ ፀጉር ላይ ነው ያለው። ላም እንኳ ከበላችው ወተቷ ይመራል። በትውልድ አገሩ በሜክሲኮ በኩል ግን መርዙን ለምዳ ቅጠሉን እየበላች የምትኖር ጥንዚዛ አለች፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ህንድ ደግሞ በ1984 አስመጥተው ማሳ ላይ ለቀዋታል። ቅንጬ ወደኛ ሲመጣ (በ77ቱ ድርቅ ከእርዳታ ስንዴ ጋር ገባ ነው የሚባለው) ጠላቱን እዚያው ትቶ ነው የመጣው። የኛ ፌንጣ መርዙን ከየት ይልመደው? ማሽላውን ይቀረጥፍና ቅንጬውን አልፎት ይሄዳል። የተበላው ማሽላ ሲቀጭጭ ያልተነካው ቅንጬ ቦታውን ይወርሳል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር አለ። የነቀሉትን ድንበር ላይ ከምረው ሄዱ፣ ውስጡ ደግሞ ያበበም ነበረበት። ያበበ ቅንጬ ተነቅሎም ዘሩ ሊበስል ይችላል፣ ጎርፍ ካገኘው ደግሞ የታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ደውዬ ስነግራቸው ሳያንገራግሩ መጥተው አቃጠሉት። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፣ ማቃጠሉም የሥራው አካል ይሁን።

ዋጋው በጥማድ ነው፣ ረከሰ አይባልም። ግን አንዴ ጠርቶ መተው አያዋጣም፣ አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ለዓመታት ይቆያል። ሐምሌ ላይ ሰው ይሻማባቸዋል፣ ቀጠሮ በሰኔ ያዙ።