ሴፊሮትን 14 ወር አስቀመጥኩት፣ ክንፉን ካወለቅን በኋላ ነው የተስማማነው

መጀመሪያ እማዬ ያለችውን ልንገራችሁ። የሴፊሮትን ፊገር (መደርደሪያ ላይ የሚቆም የጌም ገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት) ከነሳጥኑ ሳሎን ውስጥ ስከፍት ቡና እያፈላች ነበር፣ አየት አድርጋው "ይቺ ልጅ ደሞ ማናት?" አለችኝ፣ ፀጉሩ ወገቡን ያልፋል'ኮ አልፈርድባትም። ወንድ ነው፣ ክፉ ነው፣ የጌም ቪለን ነው ምናምን ብዬ እያስረዳኋት ክንፉን ስሰካለት ዝም ብላ ቆየችና "አቡነ ተክለሃይማኖት እንኳን ስድስት ክንፍ ነው የተሰጣቸው፣ ይሄ ባንዱ የት ሊደርስ ነው?" አለች። ያኔ ሳቅኩ። በኋላ ግን ልክ የነበረችው እሷ ሆና ተገኘች።

ፊገሩ ፋይናል ፋንታሲ 7 የሚባለው ጌም ላይ ያለው ሴፊሮት ነው። 27 ሴንቲ ገደማ ነው ቁመቱ፣ አብዛኛው ፒቪሲ (ለስለስ ያለ ፕላስቲክ) ሆኖ ጆይንቶቹ ጠንከር ካለ ፕላስቲክ የተሰሩ ናቸው፣ ሁለት ፊት፣ የሚቀያየሩ እጆች፣ አንድ ጥቁር ክንፍ፣ ጎራዴው እና ስታንዱ አለው። 150 ዶላር ነው የወጣበት፣ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ሲመጣ በሻንጣው ልብስ ውስጥ ጠቅልሎ ነው ያመጣልኝ። አምራቹን አልጠራም፣ ማስታወቂያም ክስም እንዲሆን አልፈልግም።

ለምን እሱን ገዛህ ለሚል፣ በእኛ አቆጣጠር 90ዎቹ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሁሉ ቴከን ነው የሚያውቀው፣ ወይ ዊኒንግ ኢለቨን፣ ምክንያቱም በጨዋታ ነው የሚከፈለው፣ 40 ሰዓት የሚፈጅ ጌም እዛ ማን ቁጭ ብሎ ይጫወታል። እኔ ያየሁት የአክስቴ ልጅ ቤት ነው፣ ሶስት ሲዲ ነበር ሶስቱም ኮፒ። እንግሊዝኛው ግማሹ አይገባንም ነበር ግን ኒቤልሃይም የምትባለው መንደር ስትቃጠል ሰውዬው እሳቱ መሃል ቆሞ ቀና ብሎ አይቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ዞሮ ወደ እሳቱ ሲገባ፣ ለዛ ምን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። አንደኛው ሲዲ መጨረሻ ላይ ከእኛ ወገን የነበረችውን ኤሪስን ሲወጋት የአክስቴ ልጅ ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀምጦ ከቤት ወጣ። ሶስተኛው ሲዲ ተጭሮ ስለነበር እየቆመብን መጨረሻውን ሳናየው ቀረን። እና ያላሸነፍኩትን ሰውዬ ነው የገዛሁት ማለት ነው።

ፊቱ ላይ አንድ የምለው ነገር የለም። በፈረንጆቹ የ1997ቱ ጌም ላይ ሜዳ ላይ የሚሄዱት ምስሎች አፍ እንኳን አልነበራቸውም፣ ሳጥን የመሰለ እጅ ብቻ ነበር የምናየው፣ አሁን አይኑ ውስጥ የድመት የመሰለው ቀጭን ብሌን ሳይቀር ተቀብቷል። ፈገግ የሚለውን ፊት ሁለት ቀን አድርጌው መለስኩት፣ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው። ሴፊሮት ግራኝ መሆኑንም አልረሱም (ቃሉ እኛጋ ሌላ ሰው እንደሚያስታውስ አውቃለሁ)፣ ጎራዴ የሚይዘው እጅ የግራ ነው።

ጎራዴው ግን... ማሳሙኔ ይባላል፣ ስሙ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከሰራ ከእውነተኛ ጃፓናዊ ጎራዴ ሰሪ የመጣ ነው፣ እዚህ ፊገር ላይ ከባለቤቱ ቁመት ይበልጣል። እንዲህ የረዘመና የቀጠነ ፒቪሲ ደሞ ቀጥ ብሎ መኖር አይችልም። ከሳጥኑ ሲወጣ ራሱ እንደ ማጭድ ጎብጦ ነበር። መድኃኒቱ ሙቅ ውሃ ነው፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ትንሽ ነክሮ ሲለሰልስ ቀጥ ማድረግ ከዛ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዞ እንዲጠነክር ማድረግ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው ግን ፒቪሲ ከዛ በታችም ስለሚለሰልስ ይበቃል። እኔ መጀመሪያ ላይ ብዙ አቆየሁትና ጫፉ ላይ ያለው የብር ቀለም ተላጠ፣ የኔ ጥፋት ነው። እንደዛም ሆኖ አግድም አስይዛችሁ ካቆማችሁት በሁለት ወር ተመልሶ ይጎብጣል፣ የራሱ ክብደት ቀስ በቀስ ያወርደዋል። እስካሁን አራት ጊዜ ቀቅዬዋለሁ፣ እህቴ "ዛሬም ፓስታ ጣልክ?" ትለኛለች።

አሁን ወደ ክንፉ። ጀርባው ላይ በቀኝ በኩል የምትሰካ ነገር ናት፣ ላባው አንድ በአንድ ተቀርጾ፣ ፎቶ ላይ ስታዩት ሌላ ነገር አትፈልጉም። ችግሩ ሰውየው ረጅም ነው፣ ፀጉሩ ድፍን ፕላስቲክ ነው ወደ ኋላ ይከብዳል፣ እሱ ላይ ክንፍ ሲጨመርበት ያ ሁሉ ጭነት ሁለት ቁርጭምጭሚት ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሁለቱም ትንሽ ኳስ የመሰሉ ጆይንት ናቸው የጣቴን ጥፍር አያክሉም። መጀመሪያ ወር ምንም የለም። በሶስተኛው ወር ትንሽ ጋደል አለ፣ እኔ ፖዙ ነው ብዬ። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓ! የሚል ነገር ሰምቼ ስወጣ ቡፌው ውስጥ በጀርባው ተዘርሯል፣ ሁለት ስኒ ሰብሯል፣ የፀጉሩ አንድ ጫፍ ተቆርጧል። ስኒዎቹ የእማዬ የሰርግ ናቸው። ስለሱ ባናወራ ይሻላል።

ፀጉሩን በሱፐር ግሉ መለስኩት፣ መስመሩ ቀረብ ብሎ ላየ ይታያል። ቁርጭምጭሚቱን ደሞ ከእህቴ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ወስጄ ኳሷን ስስ አድርጌ ቀብቼ አንድ ቀን ሙሉ ሳልገጥመው አደረቅኩት፣ ወፈር ስለምትል ትይዛለች፣ እስካሁን ይዟል። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ ሳይደርቅ ከገጠማችሁት ግን ተጣብቆ ይቀራል እሱን ነግሬያችኋለሁ።

ሌላው ካፖርቱ ነው። ስምንተኛ ወር ላይ ስነካው ማስቲካ የነካሁ መሰለኝ፣ ይጣበቃል። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ዘይት ነገር በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው፣ ሙቀት ያለበትና አየር የማይገባበት ቦታ ደሞ ይብሳል፣ የኛ ቡፌ ከሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል በሩም ሁሌ ዝግ ነው። እሱ ላይ በየቀኑ የቡና ዕጣን። ጭሱ የሚተወው ነገር የብርማውን ፀጉር ትንሽ ሻይ ያስመስለዋል፣ አቧራው ደሞ እዛ ላይ ነው ሄዶ የሚለጠፈው። ለብ ባለ ውሃ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቤ ጥላ ውስጥ አድርቄው ተመለሰ፣ ከዛ ወዲህ በሩን ቀን ቀን ክፍት እተወዋለሁ፣ አቧራውን በሜካፕ ብሩሽ ጠረግ ነው። ደረቱ ላይ የሚያልፈው ጥቁር ማሰሪያ ቆዳው ላይ ግራጫ መስመር ትቷል፣ እሱ አይለቅም፣ ተውኩት።

እና ክንፉን ያኔ ስኒዎቹን የሰበረ ሌሊት አውልቄ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ጊዜያዊ ነው ብዬ ነበር። በሳምንቱ ጠዋት ሳየው ግን ምን ትዝ አለኝ፣ ያ ልጅ ሆነን ያየነው ሰውዬ'ኮ ክንፍ አልነበረውም! በ1997ቱ ጌም ካፖርቱን ለብሶ የሚዞረው ሴፊሮት ዝም ብሎ ሰው ነው። አንዷ ክንፍ የምትመጣው መጨረሻው ላይ መልኩ ሲለወጥ በቀኝ እጁ ቦታ ነው፣ ያኔ ደሞ እግርም የለውም። ሰው እንደሆነ ጥቁር ክንፍ አውጥቶ የሚታየው በኋላ ነው፣ ኪንግደም ሃርትስ የሚባል ሌላ ጌም ላይ በፈረንጆቹ 2002። እኛ ደሞ ያ ሶስተኛ ሲዲ አልሰራልንም፣ ክንፉን ጭራሽ አላየነውም። ከ150 ዶላሩ ስንቱ ለክንፉ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ሰዉ ሳጥኑ ላይ አይቶ የሚገዛው እሱን ነው፣ እኔም ጭምር።

አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እጁን ወደ ታች አድርጎ፣ ጎራዴውም ጫፉ ታች መደርደሪያው ላይ ስላረፈ እንደ በፊቱ ቶሎ አይጎብጥም። ስታንዱን ከወገቡ አስይዤዋለሁ፣ ካልያዛችሁት አትመኑት። አንድ ጓደኛዬ ባለፈው መጥቶ ዋጋ ጠየቀኝ፣ አልሸጠውም አልኩት። ክንፉን ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ግን በሁለት ስኒ እንነጋገራለን፣ የድሮው ዓይነት አበባ ያለበት ከሆነ።