ዛፒየር፣ ሜክ ወይስ ኤን ኤይት ኤን? የፕሮጀክት ሥራን የሚያገናኙ ሦስት አገልግሎቶች ሲነጻጸሩ

በብዙ ቢሮዎች የደንበኛው ጥያቄ በጉግል ፎርም ይገባል፣ ሥራው በትሬሎ ይከፋፈላል፣ ወጪው በጉግል ሺት ይመዘገባል፣ ንግግሩ ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ ይካሄዳል። መረጃውን በእጅ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥን የሚያስቀሩት ዛፒየር፣ ሜክ እና ኤን ኤይት ኤን ይህን ሥራ ሦስቱም ስለሚችሉት፣ ገዢው አጥብቆ ሊመረምር የሚገባው ሒሳቡ በምን እንደሚቆጠር እና ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ነው። (ሥራው በሙሉ ትሬሎ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ግን አብሮት የሚመጣው፣ ሥራን በራሱ የሚያስኬደው በትለር ይበቃል፤ ከሦስቱ አንዱንም መግዛት አያስፈልግም።)

በወር 200 ጥያቄ ይመጣል እንበል፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ትሬሎ ላይ ካርድ ይከፈታል፣ ሺት ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፣ ለቡድኑም በቴሌግራም መልእክት ይላካል። ዛፒየር መነሻውን (ሰንሰለቱን የሚያስነሣውን፣ እዚህ የጥያቄውን መግባት) ትቶ የተሳካውን እያንዳንዱን ተግባር ስለሚቆጥር ድምሩ 600 ይሆናል። ሜክ መነሻውንም ስለሚጨምር 800 ይደርሳል። ኤን ኤይት ኤን በራሱ ክላውድ ላይ የሚያስከፍለው የሥራ ሰንሰለቱ ከመነሻ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ በሄደ ቁጥር በመሆኑ፣ ደረጃዎቹ ሦስትም ይሁኑ ሠላሳ፣ ቁጥሩ ከ200 አይዘልም።

በሜክ በኩል ሊታወቅ የሚገባ ወጥመድ አለ። መነሻው ዌብሁክ (አዲስ ነገር ሲኖር ላኪው ፕሮግራም ራሱ ወዲያው የሚልከው መልእክት) ካልሆነ ሜክ አዲስ ነገር መኖሩን በየጊዜው እየሄደ ይጠይቃል፤ ምንም ባያገኝም ጥየቃው ይቆጠራል። በየ15 ደቂቃው ሲሆን በቀን 96 ስለሚደርስ፣ በወር 1,000 የሆነው የነጻ ኮታ አንድ ሥራ እንኳ ሳይሠራ በ11ኛው ቀን ያልቃል። ይህን አውቆ መነሻውን በዌብሁክ ለሚያዘጋጅ ግን፣ ሥራው በቅድመ ሁኔታ ወደተለያየ አቅጣጫ የሚከፈል ሲሆን ሙሉ መንገዱን በሥዕል የሚያሳየው የሜክ ሰሌዳ ከዛፒየር ይልቅ ምቹ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛፒየር ከሦስቱ ለጀማሪ ቀላሉ ሲሆን በሺዎች ከሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ጋር ይገናኛል። ነጻው ጥቅል በወር 100 ተግባር ብቻ የሚፈቅድ፣ ሰንሰለቱንም በሁለት ደረጃ የሚገድብ ስለሆነ ግን ከላይ ያየነውን ምሳሌ በነጻ መሥራት አይቻልም፤ ሥራ ሲበዛም ክፍያው ቶሎ ይንራል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ መሆኑም ለአገር ቤት ቢሮ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

መቀመጫው በርሊን የሆነው ኤን ኤይት ኤን ለድርጅቱ የውስጥ ሥራ እስከዋለ ድረስ በራስ ሰርቨር ላይ በነጻ ይጫናል። የደንበኞችን መረጃ በእጅ ማቆየት፣ በተለይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃን ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍ ቅድመ ሁኔታዎችን ከደነገገ ወዲህ፣ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሆኖም ሰርቨሩን የሚያድስና የሚጠብቅ ባለሙያ ይጠይቃል። በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በተከለለ ጥቅል ውስጥ በሚያስኬድ መሣሪያ) የጫነ ሰው ቋሚ ማከማቻ ሳያዘጋጅ ኮንቴይነሩን ቢያጠፋው የምስጠራ ቁልፉ አብሮ ስለሚጠፋ፣ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች በሙሉ ከባክአፕ ቢመለሱም አይከፈቱም። መብራት በሚቆራረጥበት ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ መጫኑንም አልመክርም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የሚመጣውን ዌብሁክ ላኪው ደግሞ ካልላከው ጥያቄው ጠፍቶ ይቀራል።

የሦስቱም የጊዜ ሰሌዳ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ወር በገባ በ1 ሪፖርት የሚልክ ቢሮ ይህን ማስተካከል ይኖርበታል። በኤን ኤይት ኤን ሰንሰለቱ በየማለዳው ተነሥቶ፣ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ካላንደር ቀኑን አይቶ፣ 1 ከሆነ ብቻ እንዲቀጥል በአጭር ኮድ ማድረግ ይቻላል። ዛፒየርም ኮድ ይቀበላል፤ እዚያ ግን ይህ ፍተሻ ራሱ በየቀኑ አንድ ተግባር ይበላል።