ከሐረር ወደ ኤረር ሸለቆ፦ የውሃ ኤሊ ለማየት የሚደረግ የግማሽ ቀን ጉብኝት

ጥር ላይ ይህን ጉብኝት ለሚያካሂደው አስጎብኚ ደውዬ የውሃ ኤሊ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው፣ «አሁን ከጭቃ ሥር ናት፤ ዝናብ እስኪጥል ገንዘብዎን አልቀበልም» ብሎ መለሰኝ። ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ በመሆኔ መልሱ ትክክል እንደሆነ አውቄ ነበርና፣ ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን አከታትሎ ከጣለ በኋላ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼን ይዤ ሄድኩ። ለሦስታችን መኪናውን ጨምሮ 4,500 ብር ከፍለናል።

ቀጠሯችን ከንጋቱ 11:30 ኤረር በር ላይ የነበረ ቢሆንም መኪናው የደረሰው 12:20 ላይ ነው። ቆላው ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚያቃጥል፣ እንዲህ ላለው ጉዞ ሃምሳ ደቂቃ ቀላል ጊዜ አይደለም።

ኩሬው ከባቢሌ መንገድ ወጣ ብሎ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር የሚያስኬድ፣ ከብት የሚጠጣበት ድፍርስ ውሃ ነው። አስጎብኚው ወደ ዳር ሳያስጠጋን ከግራር ሥር አስቀመጠንና «ጋሼ፣ ጥላዎ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ትንሽ ወደ ቀኝ ይጠጉልኝ» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። መጀመሪያ የታዩን ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ ጠፍጣፋ ራስ ብቅ አለ፤ በመጨረሻም ከመዳፌ እምብዛም የማትበልጥ ኤሊ ከዳር ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ስትጀምር፣ ቅርፊቷ ላይ የነበረው ጭቃ እየደረቀ ሲነጣ፣ ከአገጯ ሥር ያሉትም ሁለት ትንንሽ ጢም መሰል ሥጋዎች በአቅራቢ መነጽር ጥርት ብለው ታዩን። አንደኛው ተማሪዬ ድንገት ሲነሳ፣ አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ከቅርፊቷ ጠርዝ ሥር ሸጎጠችው። ይህን አስተጣጠፍ በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬ እንዳስተማርኩት አላስታውስም፤ በሕይወት ያለች ኤሊ ስታደርገው ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ተማሪዬ ሊያነሳት ሲጠጋ አስጎብኚው ከለከለው፤ ስትያዝ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ እንደምትለቅና ለእሷም ጭንቀት እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳው። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ እንደምትቆይ፣ ሲዘንብም ወጥታ በየብስ ወደ ሌላ ውሃ እንደምትሄድ፣ ከእንቁራሪት ግልገልና ከነፍሳት አልፋ ውሃ ሊጠጡ የመጡ ርግቦችን ጭምር እንደምትይዝ የነገረን ሁሉ ትክክል ነው።

ቅሬታዬ በመነሻው ላይ በታደለን አንድ ገጽ ጽሑፍ ላይ ነው። ጽሑፉ ኤሊዋ የሆድ ቅርፊቷን እንደ በር እንደምትዘጋ ይናገራል። ይህ የአሜሪካዎቹ የጭቃ ኤሊዎች፣ ማለትም የኪኖስተርኖን ወገን ባሕርይ ነው፤ የእነዚያ የሆድ ቅርፊት ከፊትም ከኋላም ማጠፊያ ስላለው ይዘጋል፣ አንገታቸውንም ወደ ጎን ሳያጥፉ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይስባሉ። በአፍሪካም ፔሉሲዮስ የተባለው ወገን ከፊት በኩል ማጠፊያ አለው። ያየናት ኤሊ ግን ከፔሎሜዱሳ ወገን ናት፤ የሆድ ቅርፊቷም ማጠፊያ የለውም። ከዚህ ሌላ ጽሑፉ ፔሎሜዱሳን አንድ ዝርያ ብቻ አድርጎ ያቀርባል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ወገኑን በ10 ዝርያዎች ከፍሎታል። ወደ ኤረር ሸለቆ ወርዶ እንዲህ ያለች ኤሊ ያየ ሰው የሌላ አህጉር ኤሊ ታሪክ ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

ስንመለስ ስሕተቶቹን በእርሳስ አርሜ ወረቀቱን ለአስጎብኚው ሰጠሁት። እሱም በመኪናው ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበበውና ስለ ማጠፊያው እንደገና እንዳስረዳው ጠየቀኝ፤ ሐረር እስክንገባም የሁለቱን አንገት አስተጣጠፍ በእጄ እያሳየሁት ሄድን።