አንዲት ቃል ያስጠናችኝ ጠበቃ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ሜልቦርን ያላችሁ። አንዲት ጠበቃ ልጠቁማችሁ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ የጽዳት ድርጅት ያለው ሰው «ለወረቀት ያህል ነው» ብሎኝ ዳይሬክተር ተብዬ ፈርሜ ነበር። ጅልነቴን ተዉት። ባለፈው ዓመት ከኤይሲክ፣ የአውስትራሊያን ኩባንያዎች ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ መጣ። አንቀጽ 19 ይላል። ቀርበህ፣ ምለህ፣ የምትጠየቀውን መልስ ነው ነገሩ። ግብዣ አይደለም፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

አንዱ ጓደኛዬ «ዝም ብለህ አገር ቤት ከርመህ ና» አለኝ። እኔ ደግሞ ሌሊት ተነስቼ የሰውዬውን መልእክቶች ከስልኬ ላጠፋ ስል ፈራሁና ተውኩት። በማግስቱ ፉትስክሬይ፣ ጠበቃዋ እህታችን ቢሮ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ «አንዲት መልእክት እንዳትነካ፣ ማጥፋቱ ራሱ ወንጀል ነው» አለችኝ።

ከዚያ አረጋጋችኝ። ደብዳቤው ተከሰሃል ማለት አይደለም፤ መረጃ አለው ተብሎ የታሰበ ሁሉ ሊጠራ ይችላል። «ራሴን ያስወነጅለኛል» ብሎ ዝም ማለት ግን አይቻልም። መልሱ የሚያስወነጅል ከመሰለህ፣ ከመመለስህ በፊት «ፕሪቪሌጅ»፣ ማለትም «መብቴን ጠብቄ ነው የምመልሰው»፣ ካልክ፣ ያ መልስ በወንጀል ክስ ባንተው ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ከዋሸህ ግን ለውሸቱ ትጠየቃለህ። ቃሏን በቢጫ ወረቀት በትልቁ ጻፈችልኝና እየጠየቀች አለማመደችኝ፤ ስረሳ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ኳ ታደርጋለች።

አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ብዬ ተከራክሬያት ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ታክሲ እየነዳሁ ከፈረንጅ ጋር ስቀድ የምውል ሰው ነኝና። «ለቀደዳ ይበቃሃል፣ ለመሐላ አይበቃህም» ብላ አስጠየቀችልኝ። እግዜር ይስጣት።

በዕለቱ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅ ይቀዳል፣ ቢጫዋ ወረቀት ፊቴ ናት። ውሃ ልጨምርልህ ሲሉኝ እንኳ «ፕሪቪሌጅ» አልኩና አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። ምን እንደተጠየቅኩ አልነግራችሁም፣ ምርመራው ዝግ ነው፤ ይህችንም ጽሁፍ ከመለጠፌ በፊት እሷው አይታታለች።

ሂሳቧ ርካሽ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። ግን ስንት እንደሚሆን አስቀድማ በጽሁፍ ሰጠችኝ፣ ከዚያ አንድ ዶላር አልጨመረችም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልኳን እሰጣለሁ። ቀኑ እስኪደርስ ብቻ አትጠብቁ። እኔ ስሄድ የቀረኝ 6 ቀን ነበር፣ ለዚያ ክፉኛ ተቆጥታኛለች።