መብራት ከጠፋ በኋላ፦ ከሊኑክስ ሚንት ጋር ሰባት ወር

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ማታ፣ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ፈተና ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በላፕቶፔ ላይ የሲስተም ማሻሻያ እየጫንኩ ሳለ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ገመዱ ካልተሰካ አንዲት ደቂቃ አይቆይም። ስክሪኑ ከቤቱ አምፖል ጋር እኩል ጨለመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመለስ አበራሁት። በጥቁር ስክሪን ላይ ነጫጭ የእንግሊዝኛ መስመሮች ወረዱና እዚያው ቆሙ። አጠፋሁት፣ ደግሜ አበራሁት፤ ያው ነው። የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል የኬሚስትሪ ፈተናዎቼም ሆኑ የተማሪዎቼ የምዘና ውጤት ያሉት እዚያ ውስጥ ነበር።

በዊንዶውስ ፈንታ ላፕቶፔ ላይ ስለጫንኩት ሲስተም፣ ስለ ሊኑክስ ሚንት፣ እንድጽፍ ያደረገችኝ ያች ሌሊት ናት። እርሷ ባትኖር ኖሮ «ይሠራል፣ አልተቸገርኩም» ከማለት በቀር የምጨምረው ብዙ አልነበረኝም።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ላስረዳ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የእኔ ላፕቶፕ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም አለው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ወደ አንድ ሱቅ ወስጄ ባሳየው ነጋዴው ክዳኑን እንኳን በወጉ ሳይከፍት፣ «መምህር፣ በዚህ ላይ ገንዘብ አያባክኑ፤ ጊዜው አልፎበታል» አለኝና ጣቱን ወደ አዲሶቹ ቀሰረ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ባገኘው ግን የምለው አለኝ፦ ወንድሜ፣ ኪቦርዱ ደህና ነው፣ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ፕሮሰሰሩ ፈተና ለማዘጋጀት ይተርፋል። ጊዜው ያለፈበት ዕቃው ሳይሆን በላዩ ላይ የተጫነው ሲስተም ነበር። ይህን ሳትነግረኝ የብዙ ወር ደመወዜን ልታስከፍለኝ ነበር።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ ነው ሊኑክስን ያሳየኝ። ከሊኑክስ ዓይነቶች ሦስት አማራጮች አቀረበልኝ፦ ኡቡንቱ፣ ዞሪን እና ሚንት። ዞሪንና ሚንት ሁለቱም በኡቡንቱ መሠረት ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ከሥር ዘመዳሞች ናቸው። ሚንትን በፍላሽ ላይ አዘጋጀልኝና ሳይጫን ከፍላሿ አስነስቼ ሁለት ቀን ሞከርኩት። ዋይፋዩ ሠራ፣ ድምፁ ሠራ፣ ፕሪንተሩ ታወቀ። የጫንኩት 22.2 ዛራ የሚባለው ዕትም ሲሆን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ለአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከበቂ በላይ ነው።

ለጀማሪ የሚሆን ሲስተም ሲመረጥ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ መልኩ ነው። ይኸኛው ዊንዶውስን ይመስላል፣ ያኛው ያምራል፣ የመነሻ ቁልፉ በግራ ነው፣ በመሃል ነው። እኔም መጀመሪያ የመረጥኩት በዚሁ መስፈርት ስለነበር ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን መልክን ሰው በሳምንት ይለምደዋል። ጀማሪ ከባለሙያ የሚለየው አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። ባለሙያው ጥቁሩን ስክሪን ያነበዋል፤ ጀማሪው ይደነግጣል። ስለዚህ «ለጀማሪ ቀላል ነው» የሚለኝን ሰው የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሲበላሽብኝ በራሴ እጅ ወደ ነበረበት መመለስ እችላለሁ?

ያን ማታ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። እርሱ ያለው ሌላ ከተማ ነው።

«አጎቴ፣ አይደንግጡ» አለኝ። «ያች መጀመሪያ የሰጠሁዎት ፍላሽ የት አለች?»

ከጠመኔ ሣጥኔ ውስጥ አወጣኋት። ላፕቶፑን ከእርሷ አስነሣሁት። ያ የማውቀው የሚንት ገጽ ሲመጣ ትንሽ ተነፈስኩ። ከዝርዝሩ ውስጥ የሲስተሙን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ታይምሺፍት የሚባለውን ፕሮግራም ከፈትኩ። የላፕቶፑን ዲስክ ስመርጥለት የሲስተሙ ቅጂዎች በቀንና በሰዓት ተደርድረው ታዩኝ፦ የቅዳሜ፣ የእሑድ፣ የሰኞ፣ የማክሰኞ ጠዋት። የማክሰኞ ጠዋቱን መርጬ «መልስ» የሚለውን ተጫንኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። እነዚያን ሃያ ደቂቃዎች መብራቱ እንደገና እንዳይሄድ እየለመንኩ አምፖሉን ስመለከት አሳለፍኩ። ከዚያ ፍላሿን ነቅዬ አስነሣሁት፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተከፈተ።

የገረመኝ ግን ከዚህ በኋላ ያየሁት ነው። የዐሥረኛ ክፍልን ፈተና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማለትም ቅጂው ከተወሰደ በኋላ፣ አርሜው ነበር። እርማቴ አብሮ ወደ ጠዋቱ የተመለሰ መስሎኝ ስከፍተው የመጨረሻዋ ነጠላ ሰረዝ ሳትቀር አለች። ታይምሺፍት ካልተነገረው በስተቀር የሲስተሙን ፋይሎች ብቻ እንጂ የግል ሰነዶችን አይነካም። የጠዋት ሲስተም ከማታ ፈተና ጋር ተገናኝቶ አገኘሁት። ቴርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት አልከፈትኩም፣ አንድም ትእዛዝ አልጻፍኩም።

ለዚህ ያበቃኝ በመጀመሪያው ቀን የሠራሁት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሚንት ከተጫነ በኋላ በሚመጣው የእንኳን ደህና መጡ መስኮት ላይ ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ይኸው ቅጂ ነው፤ ካልተዘጋጀ የማሻሻያ ፕሮግራሙም ያስታውሳል። በየቀኑ አንድ ቅጂ እንዲወስድ፣ አምስቱን ብቻ እንዲያቆይ አዘዝኩት። የመጀመሪያው ቅጂ ብዙ ጊጋባይት ይወስዳል፤ ተከታዮቹ የተለወጠውን ብቻ ስለሚጨምሩ ዲስኩን አያጨናንቁም። ታይምሺፍትን በኡቡንቱ ላይም መጫን ይቻላል፤ ግን እኔን የመሰለ ሰው ፕሮግራሙ መኖሩን ሳያውቅ እንዴት ይጭነዋል? ሚንት ሳልጠይቀው ከፊቴ አስቀመጠልኝ። ለጀማሪ ማሰብ ማለት ለእኔ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልናገር፦ ይህ የሰነዶች መጠባበቂያ አይደለም። ቅጂዎቹ የሚቀመጡት በዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ፣ ዲስኩ ቢሞት ወይም ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ፈተናዎቼን በየዓርቡ ወደ ሌላ ፍላሽ እገለብጣለሁ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ስለ ሌላው ባጭሩ። አማርኛ ማንበብ ከመጀመሪያው ቀን ሠርቷል፤ ለመጻፍ ግን አንድ ምሽት ወስዶብኛል። አይባስ የሚባለውን የአጻጻፍ መሣሪያና ኤም17ኤን የሚባለውን ተጨማሪውን ጭኜ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ለአማርኛ «ሴራ» (SERA) የተባለውን የአጻጻፍ ስልት መረጥኩ። ትንሹ ቲ ት፣ ትልቁ ቲ ጥ፣ ኤክስ ደግሞ ሽ ይሰጣል። በሌላ ፕሮግራም የለመደ እጅ ጥቂት ሳምንት ይደናበራል፣ ከዚያ ይገባዋል። ዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ በሆነው በዩኒኮድ ሳይሆን በድሮዎቹ የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች፣ ፊደሉ ካልተጫነ የማይነበብ ምልክት ሆነው ይወጣሉ፤ ይህ ግን በዊንዶውስም ያለ ጣጣ ነው። ባልደረቦቼ በዎርድ የሚልኩልኝ ሠንጠረዥ፣ በሚንት ላይ የዎርድን ሥራ በሚሠራልኝ በሊብሬኦፊስ ስከፍተው፣ አንዳንዴ መስመሩን ይስታል። እኔ የምልከውን በፒዲኤፍ አደርገዋለሁ።

ማሻሻያ የምጭነው አሁን መብራት መኖሩን አይቼ፣ ጠዋት ጠዋት ነው። የሚንት ደግነቱ ልጫን ወይስ ልቆይ የሚለውን ለእኔ መተዉ ነው፤ ክፍል ልገባ ስል በግድ አያስቆመኝም። ባትሪም ልገዛለት ወስኛለሁ። ዘመኑ አልፏል ለተባለ ላፕቶፕ ገንዘብ ማውጣቴ ከሁሉ በላይ ፍርዴን ይናገራል።

የፊዚክስ መምህሩ ጓደኛዬ የእርሱንም አሮጌ ላፕቶፕ ቅዳሜ ይዞ ይመጣል። ፍላሿን ከጠመኔ ሣጥኑ አውጥቼ «አትደምሰሱ» ብዬ ጽፌባታለሁ። መጀመሪያ የማስከፍተውም ታይምሺፍትን ነው።