የፖሊስተር ሬዚን ዘንግ ለእጅ ሥራ እስክሪብቶ፦ ያምራል፣ ግን ይሰበራል

ለእስክሪብቶ አካል መሥሪያ ከሚሸጡ የሬዚን (ከፈሳሽነት የሚጠነክር ፕላስቲክ) ዘንጎች በአንጸባራቂነት ፖሊስተርን የሚያህል ጥቂት ነው። ችግሩ ተሰባሪነቱ ነው። ሌላው ፕላስቲክ አክሪሊክ ቶርኖ (ዘንጉን እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ ረጅም ጥምዝ ፍቅፋቂ ሲሰጥ፣ ይኸኛው እንደ ብርጭቆ አጫጭር ነጭ ፍርፋሪ ይበትናል።

ብዙው የሚበላሸው ገና ሲበሳ ነው። ፑንታው በማዶ ሊወጣ ሲል ጫፉን ገንጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ዘንጉን ውስጡ ከሚገባው የናስ ቱቦ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር አስረዝሞ መቁረጥ፣ ማዶ ሳያሳልፉ መብሳት፣ ከዚያ ድፍኑን ጫፍ በመጋዝ ቆርጦ መጣል ነው። ለ7 ሚሊሜትር ፑንታ በደቂቃ ከ500 እስከ 800 ዙር ይበቃል። በየጥቂት ሚሊሜትሩ እያወጡ ፍርፋሪውን ማራገፍ ግድ ነው፤ ከጋለ ከውስጥ ይሰነጠቃል።

ቱቦው በኢፖክሲ (ሁለት ክፍሉ ተደባልቆ በሚደርቅ ማጣበቂያ) ይጣበቅ። ሱፐር ግሉ ቱቦው ገብቶ ሳያልቅ ሊደርቅ ይችላል፤ ክፍት የቀረው ቦታ ደግሞ በኋላ ስለቱ ሲነካው ይፈነዳል። ዘንጉ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ናሱ እንዳይታይ ቀዳዳውን ከውስጥ ቀለም መቀባት አይረሳ።

አስጨናቂው ባለ አራት ማዕዘኑ ዘንግ ቶርኖ ላይ ክብ እስኪሆን ያለው ጊዜ ነው። ስለቱን ወደ 45 ዲግሪ አዘንብሎ፣ እንደ ወረቀት ስስ እያደረጉ መላጥ ያዋጣል፤ ፊት ለፊት የተገፋ ስለት ግን ቁራጭ ያነሳል። ትንሿን ጉድጓድ ቀጭን ሱፐር ግሉ ይሞላታል።

ማለስለሱ ቀላል ነው፦ ከ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በውሃ እያረጠቡ። የፊት መከላከያና የአቧራ ጭንብል የግድ ናቸው። ለጀማሪ አክሪሊክ ይሻለዋል።