ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ወይስ የሌለው? ለአዳማ ግቢዎች የቀረበ ንጽጽር

አዳማ ውስጥ የእንጨት ምድጃ ለመግዛት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ በአንድ ሸክም እንጨት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ይጠይቃል። ምድጃው የሚቆምበትን ቤት ጣሪያ ቀና ብሎ አይቶ የመጣ ገዢ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኛም ሳናይ ነበር የገዛነው።

እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የጉልቻው ጭስ ዓይኗን እየጎዳት ሲሄድ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ አስገባንላት። ሥራውን የያዘው የሰፈር ብረት ሠራተኛ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ አቆመና ኮርኒሱንም ቆርቆሮውንም በመቀስ ቀድዶ አወጣው፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ጭሱ ከማድ ቤቱ ጠፋ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ከስምንት ወር በኋላ ዝናብ ያበላሸውን ኮርኒስ ለመቀየር ስንገልጠው፣ ከቱቦው ጎን ያለው የባሕር ዛፍ ማገር በመዳፍ ስፋት ጠቁሮ አገኘነው። በጥፍሬ ስጭረው እንደ ከሰል ተፈረፈረ። ከጥቁሩ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ነበረ፤ ከዚያ ውጭ ያለው እንጨት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀላ ብሎ ይታያል።

ያን ማገር ነበልባል ነክቶት አያውቅም። የቱቦው ሙቀት ብቻ ነው ቀን በቀን ያከሰለው። እንጨት ለረጅም ጊዜ በሙቀት ሲጋገር ባሕርይው ይለወጣል፤ ለመቀጣጠል የሚያስፈልገውም ሙቀት እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ "ዓመት ሙሉ ስንጠቀምበት ምንም አልሆነም" የሚለው ማረጋገጫ ሊያጽናናዎት አይገባም። አደጋው ከዓመት ዓመት እየቀረበ የሚመጣ እንጂ እየራቀ የሚሄድ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ንጽጽሩ ልግባ። ከተማችን ውስጥ ለእንጨት ተጠቃሚ የሚቀርቡት ዋና ዋና ምርጫዎች ሦስት ናቸው፦ ያለ ጭስ ማውጫ የሚሠራው «ምርት» የሚባለው የተለመደ የእንጀራ ምድጃ፣ ጭስ ማውጫ የተገጠመለት ያው ምርት፣ እንዲሁም በአብዛኛው ለወጥ የሚያገለግሉት ተንቀሳቃሽ ምድጃዎች።

ያለ ጭስ ማውጫ የሚሠራው ምርት

ምርት በ1980ዎቹ እዚሁ አገር ውስጥ የተነደፈ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል። ይህ ድንጋይ በስምጥ ሸለቆ እንደ ልብ ይገኛል። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይባክን ይይዛሉ። ምድጃው ተገጣጣሚ ነው፤ አራቱ ቁርጥራጮች ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል፣ ከኋላ ደግሞ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ክፍል አለው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የእንጨት ፍጆታን እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ በሰፊው ይነገርለታል። እኛ ቤትም እንጨቱ በግልጽ ቀንሷል።

ጥሩነቱ ቀላልነቱ ነው። ጣሪያ አይበሳም፣ ቱቦ አይገዛም፣ ቤት ሲቀየር ተፈትቶ ይሄዳል። ተከራይ ከሆኑና አከራይዎ ቆርቆሮ እንዲቀደድ የማይፈቅዱ ከሆነ ሌላ መፈለግ አያስፈልግዎትም። ጉድለቱ ግን ሊደበቅ አይገባም። ጭሱ ከጉልቻው ያነሰ ይሁን እንጂ የሚወጣው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ያሳያል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። እናት ስትጋግር ጀርባዋ ላይ ታዝሎ የሚውለው ሕፃን ከእርሷ እኩል ይተነፍሰዋል።

ስለዚህ ይህን ምድጃ የምመክረው ከመኖሪያ ቤቱ ተለይቶ ለቆመ ማድ ቤት ነው። ግድግዳው ከጣሪያው ሥር በሁለት ትይዩ በኩል ክፍት ይሁን። በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ቀዳዳ ጭሱን ያሽከረክረዋል እንጂ አያወጣውም። ሦስት ጎኑ ብቻ የታጠረ ዳስ ከሆነማ የበለጠ ጥሩ ነው፤ በዚያ ላይ የአዳማ ሙቀት ራሱ ከምድጃ ጋር ተዘግቶ መዋልን አይጋብዝም።

ጭስ ማውጫ የተገጠመለት ምርት

ማድ ቤቱ ከመኖሪያ ክፍሎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ፣ ወይም እንደ እናቴ በቀን ብዙ ሰዓት ለሚጋግር ሰው፣ ምርጫው ይኼኛው ነው። ጭሱን ከምንጩ ይዞ ያወጣዋል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ የዋጋው አብዛኛው ድርሻ ግን ምድጃው ላይ ሳይሆን ቱቦውና የጣሪያው ሥራ ላይ ነው። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ የሚሞክረውም እዚያው ላይ ነው። እኛ የሆንነው እንደዚያ ነው።

በመጋገሩም በኩል ልዩነት አለው። የቱቦው ስበት ከበረታ ነበልባሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የእንጀራው የኋላ ጠርዝ ሲያር የፊቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ዓይንም አያወጣም። እንጨቱም ከሚገባው በላይ ይነድዳል። መፍትሔው ቱቦው ላይ የሚዞር የላሜራ መዝጊያ ማሠራት ነው። ቢሆንም መዝጊያው ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ጥግ ጥጉ ተቆርጦ ክፍተት ይተውለት፤ እሳቱ ሳይጠፋ የተዘጋ ቱቦ ጋዙን መልሶ ቤት ውስጥ ይለቀዋል።

አሁን ወደ ጣሪያው። ነጠላ የላሜራ ቱቦ ከኮርኒስ፣ ከማገርና ከወራጅ ምን ያህል ይራቅ? የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 211ኛ ደንብ መከላከያ ከሌለው ተቀጣጣይ ነገር 45 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ያዛል፤ ነጠላ ቱቦ በኮርኒስና በጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ግን ጭራሽ አይፈቅድም። እኛ አገር የሚደረገው ደግሞ በትክክል ያ የተከለከለው ነው። ኮርኒሳችን አቡጀዴ፣ ቺፕውድ፣ አንዳንዴም የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ማገራችን የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። ከዚህ የበለጠ ለእሳት የተመቻቸ ነገር ማሰብ ይከብዳል።

እኛ ሁለተኛውን ጊዜ እንዴት እንዳሠራነው ልንገርዎት። ቱቦው በጣሪያ ማለፉ ቀርቶ በብሎኬቱ ግድግዳ ወጣ፤ ከዚያ በውጭ በኩል ተያይዞ ከቆርቆሮው ክፈፍ በላይ ወጣ። ግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው አግድም ክፍል አጭር ሆኖ ወደ ውጭ እየሄደ በትንሹ ሽቅብ እንዲያዘነብል ተደረገ። በክፈፉ አጠገብ የነበረው ጣውላ ተቆርጦ ራቀ። ይህ አሠራር የራሱ ችግር አለው፤ ውጭ ያለ ቱቦ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ስበቱ ይደክማል፣ ጥቀርሻም ይበልጥ ይይዛል። ሆኖም ጥቀርሻን በብሩሽ መጥረግ ይቻላል፣ የተቃጠለ ጣሪያን ግን መመለስ አይቻልም።

ቤትዎ ጭቃ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የጭቃ ግድግዳ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ እንጨትና ጭድ ነው። በጭቃ ግድግዳ ቱቦ ማሳለፍ ካስፈለገ ቱቦው የሚያልፍበት ቦታ ሰፋ ተደርጎ ይፈንቀል፣ እንጨቱ ከዙሪያው ይነሣ፣ ክፍተቱም በብሎኬት ወይም በሸክላ ጡብ ይሞላ። ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነ ጭስ ማውጫውን ይተውትና ምድጃውን ወደ ዳስ ያውጡት። በደንብ ካልተሠራ ጭስ ማውጫ፣ ጭስ ማውጫ የሌለው ምድጃ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ቱቦው ዕቃም ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ ጭስ ማውጫ ሆኖ ቆሞ ከአንድም ሁለት ግቢ አይቻለሁ። ይቀልጣል፤ ሲቃጠልም ሳንባ የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይለቃል። ከአሮጌ ግንባታ የተነቀለ የአስቤስቶስ ቱቦም አይሁን፤ ሲቆረጥና ሲሰነጠቅ የሚበንነው ብናኝ ካንሰር ያመጣል። ወፈር ያለ ጥቁር ላሜራ ይግዙ፤ ስፋቱም ከ10 ሴንቲ ሜትር አይነስ። መጋጠሚያው ላይ የላይኛው ቱቦ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ፤ ጥቀርሻ ያዘለው ጥቁር ውኃ ሲወርድ ከውስጥ ይቀራል፣ በግድግዳ ላይ አይንዠቀዠቅም።

የአዳማ ነፋስ

ሌላ ከተማ ያለ ዘመድዎ ምድጃው በደንብ እንደሚሠራለት ቢነግርዎት የእርሱ ጣሪያ አዳማ ውስጥ አለመሆኑን ያስታውሱ። ከከተማችን ዳር ያሉት ኮረብታዎች ላይ በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። ያው ነፋስ አጭር ጭስ ማውጫ ሲያገኝ ጭሱን ገፍቶ ወደ ምድጃው አፍ ይመልሰዋል። ነበልባልም ይዞ ይወጣል፤ የእናቴ የነጠላዋ ጫፍ አንድ ቀን እንደዚያ ተለብልቧል።

ስለዚህ የቱቦው ጫፍ ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከዚያም በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም ነገር፣ ከጣሪያው ጉልላትም ይሁን ከጎረቤት ግድግዳ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ጎረቤትዎ ፎቅ እየሠራ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስቡበት። ጫፉ ላይ ባርኔጣ ይደረግለት፤ በባርኔጣውና በቱቦው አፍ መካከል ግን በቂ ክፍተት ይኑር። ረጅም ቱቦ በሽቦ በሦስት አቅጣጫ ካልተወጠረ የአዳማ ነፋስ ያናውጠዋል፤ መጋጠሚያው ይላቀቃል።

ተንቀሳቃሾቹና ሌሎች

«ትክክል» የሚል ስም ያለው፣ ከውስጥ ሸክላ ከውጭ ቆርቆሮ የሆነው ምድጃ ለወጥና ለቡና ጎበዝ ነው። እንጨት ይቆጥባል፣ በአንድ እጅ ይነሣል። ጎንዚዬ የሚባለው ምድጃ ሸክላ ሲሆን እንጀራም ወጥም ያበስላል፤ ይሁን እንጂ ሲጓጓዝ ይሰበራል። ሁለቱም ጭስ ማውጫ የላቸውም፤ ከላይ ለምርት ያልኩት የቦታ ምክር ለእነርሱም ይሠራል።

ላቀች የእንጨት ሳይሆን የከሰል ምድጃ ነው፤ ሰዎች ከእነዚህ ጋር ስለሚያወዳድሩት ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ሰው ወደ መኝታ ክፍል ይዞት ይገባል። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ብዙ ሰው ድካም ይመስለዋል፤ ይተኛል። በተዘጋ ክፍል ፍም ይዞ መተኛት ገዳይ ነው።

ቤት ለማሞቅ የሚሠራውን ዝግ የብረት ምድጃ የሚጠይቁኝ አሉ። ለደብረ ብርሃን ብርድ ቢሆን እወያይ ነበር፤ ለአዳማ አያስፈልግም። በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ደግሞ የትኛውም የእንጨት ምድጃ አይግባ፤ ለእንጨት ተብሎ የተሠራ ጭስ ማውጫ የለም፣ ጎረቤቶችዎ ከላይም ከታችም ናቸው።

ከመግዛትዎና ከመክፈልዎ በፊት

ሱቅ ሄደው ምርት ምድጃ ሲመርጡ ቁርጥራጮቹን ሰብስበው መሬት ላይ ያገጣጥሟቸው። በመጋጠሚያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ይመልሱት። በቁልፍ ቀስ ብለው መታ ያድርጉት፤ በደንብ ውኃ ጠጥቶ የጠነከረ ሲሚንቶ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ በችኮላ የደረቀው የታፈነ ድምፅ አለው፣ ጠርዙም ሲዳሰስ ይራገፋል። ምጣድዎን ይዘው ቢሄዱ የተሻለ ነው፤ ሁሉም ምጣድ ለሁሉም ምድጃ ልክ አይደለም።

ምድጃውን በብሎኬት መደብ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ጋጋሪዋ አትጎብጥም፣ ዳዴ የሚል ሕፃንም ፍሙን አይደርስበትም። ከፊቱ ያለው ወለል አፈር ወይም ሲሚንቶ ይሁን፤ የፕላስቲክ ምንጣፍ እዚያ ቦታ የለውም። የሚቀጥለው ቀን እንጨት ምድጃው ጎን እንዲደርቅ የመደርደር ልማድ አለን፤ ይቅር። እንጨቱ ተፈልጦ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ነፋስ እያገኘው ለወራት ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ጭሱን ከማብዛቱም በላይ ቱቦውን በሚቀጣጠል ጥቀርሻ ይሞላዋል። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ያውጡት፤ ረመጥ ከሥሩ እስከ ማግስቱ ድረስ ሕይወት ይኖረዋል፣ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ የተጨመረ አመድ ሌሊት አጥር ያቃጥላል።

ጭስ ማውጫ የሚያስገጥሙ ከሆነ ከሠራተኛው ጋር ሲስማሙ የክፍያውን የተወሰነ ክፍል ያቆዩ። ነፋስ የበረታበትን ከሰዓት በኋላ ይምረጡና ሠራተኛው ባለበት እሳት ያንድዱ። ጥቂት እርጥብ ቅጠል ጣል ያድርጉበትና ከመጋጠሚያዎቹ፣ ከግድግዳው ቀዳዳ፣ ከምድጃው አፍ ጭስ ይወጣ እንደሆነ ይመልከቱ። አንድ ሰዓት ያህል ከነደደ በኋላ ቱቦው አጠገብ ያለውን ጣውላና ማገር በእጅዎ ይዳስሱ። እጅዎን አቆይተው መያዝ ካልቻሉ ሥራው አላለቀም፤ ቀሪውን ገንዘብ አይስጡ።